«ሱስ አለብዎት?» ብለሽ አትጠይቂ

ጥያቄው፦ «ባህር ዳር ውስጥ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ማስተርሴንም እየተማርኩ ነው። አንድ አገር አቀፍ ጥናት ጫት የሚቅሙ አዋቂዎች ከመቶ 16 ያህል ናቸው ይላል። እኔ በምኖርበት ሰፈር ግን ከሰዓት በኋላ ያልቃመ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። አረቄውና ቤቲንጉማ አይወራም። የተሳሳተው ጥናቱ ነው ወይስ የኔ ዓይን? ሱስን በአገር ደረጃ የሚለኩትስ እንዴት ነው? ለመመረቂያ ጽሑፌ እኔም ልሞክረው አስቤያለሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥናቱም አልዋሸም፣ ዓይንሽም አልተሳሳተም። የሚያዩት የተለያየ ነገር ነው።

ያነበብሽው እ.ኤ.አ. በ2015 የተሠራውን «ስቴፕስ» የሚባለውን ጥናት ይመስለኛል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 የሆኑ ሰዎችን ከመላ አገሪቱ የጠየቀ ነው። የጫት ቃሚው ቁጥር ወደ 16 በመቶ የወጣው እዚያ ላይ ነው። ይህ ቁጥር በሕይወቷ ጫት ነክታ የማታውቀውን የጎጃም ገበሬ እናትም፣ የሐረሩን ቃሚም በአንድ ላይ የያዘ ነው። አንቺ ደግሞ የምታዪው ጫት በሚበቅልበት አካባቢ ያለን ከተማ ነው። የምታዪውም ከሰዓት በኋላ፣ ደጅ የወጣውን ወጣት ነው። እቤት ያለው አይታይሽም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። ያ ጥናት የቆጠረው ቃሚን ነው፣ ሱሰኛን አይደለም። ለሠርግ አንድ ቀን የቃመና ጠዋት ሳይቅም ከአልጋው መነሳት የማይችል ሰው እዚያ ቁጥር ውስጥ እኩል አንድ አንድ ናቸው። ሁለተኛውን ለይቶ ለማውጣት ሌላ መጠይቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከቃሉ ልጀምር። በመጠይቅሽ ውስጥ «ሱስ» የሚል ቃል አታስገቢ።

በአማርኛ ሱስ እንደ አጠቃቀሙ ነው። «ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል፣ ሱሴ ነው» የምትል እናት በፈገግታ ነው የምትናገረው። ስለ አረቄ ሲሆን ግን ያው ቃል ስድብ ይሆናል። ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ ውስጥ መረጃ ስንሰበስብ አንዲት እናት «ሱስ አለብዎት?» ተብለው ተጠየቁ። «እንዴታ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም ካልጠጣሁ ሰውም አልሆን» አሉ። ከጎናቸው ባለቤታቸው ተቀምጠዋል። ገና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ የአረቄው ሽታ ግን እኛ ጋ ይደርሳል። ተራቸው ሲደርስ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሱስ የሚባል ነገር የለብኝም» አሉ። ወረቀቱ ላይ ባልየው ንጹሕ፣ ሚስትየዋ ሱሰኛ ሆነው ተመዘገቡ። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

መጠየቅ ያለበት ድርጊቱ ነው። «ባለፉት 7 ቀናት ስንት ቀን አረቄ ጠጡ?» «ባለፉት 12 ወራት አንዴ ከጀመሩ በኋላ ማቆም አቅቶዎት ያውቃል?» «ጠዋት ሳይጠጡ ሥራ መጀመር ያቃተዎት ጊዜ አለ?» ሰውየው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ለሱ ተይለት። የሚለየው የጥያቄዎቹ ድምር ነው።

እንዲህ ያሉ የተዘጋጁ መጠይቆች አሉ። ለአልኮል የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «ኦዲት» 10 ጥያቄ አለው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ነው። 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አጠጣጡ አደጋ አለው ይባላል። ለትምባሆ «ፋገርስትሮም» 6 ጥያቄ ነው። ለቁማር 9 ጥያቄ ያለው «ፒጂኤስአይ» አለ፣ እሱ ከ27 ይታረማል፣ 8 እና ከዚያ በላይ ከባድ ችግርን ያሳያል። ለጫት ብዙ ተመራማሪ የሚጠቀመው 5 ጥያቄ ያለውን የጥገኝነት መለኪያ፣ «ኤስዲኤስ»ን ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ ማየት ከፈለግሽ «አሲስት» የሚባለው አለ፣ እሱም የዓለም ጤና ድርጅት ነው።

እነዚህን አውርዶ መተርጎም ቀላል ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው።

ኦዲት «ስንት መጠጥ ይጠጣሉ?» ይላል። አንድ መጠጥ ማለት 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለው ነው። ይህ ለቢራ ይሠራል። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ 13 ግራም ያህል ይይዛል። ለጠላስ? ጣሳው የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሊሆን ይችላል፣ የፕላስቲክ ኩባያ ሊሆን ይችላል፣ ጆግ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ነው እንበል። ጠላው ቀጭን ሆኖ 3 በመቶ ከሆነ 12 ግራም ገደማ ነው። ወፍራም ሆኖ 6 በመቶ ከደረሰ ግን ወደ 24 ግራም ነው። ሰውየው ሁለቱንም «አንድ ጣሳ» ነው የሚልሽ። አረቄ ደግሞ በመለኪያ ነው፣ ጠጅ በብርሌ ነው። ብርሌውም ከቤት ቤት ይለያያል።

መፍትሔው ዕቃውን ይዞ መሄድ ነው። ከመጀመርሽ በፊት በሰፈሩ ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት ዞረሽ የሚጠጣባቸውን ዕቃዎች ግዢ፣ ወይ ለምኚና ተዋሺ። ውኃ ሞልተሽ በመለኪያ ሲሊንደር ለኪያቸው። ከዚያ ፎቶ አንስተሽ ካርድ ላይ አሳትሚ። «ከነዚህ በየትኛው ነው የጠጡት? እስከ የት ተሞልቶ?» ብለሽ ጠይቂ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ሁለት ቀን ይወስዳል። ያለዚህ ግን የጠላውን ቁጥር እንዳለ ብትጥይው ይሻላል።

የጫት ነገር ከዚህም ይብሳል። «ስንት ይቅማሉ?» ስትዪው «አንድ ዙርባ» ይልሻል። ዙርባው እንደ ገበያው ይከሳል፣ ይወፍራል። እኔ የማምነው ቀኑንና ሰዓቱን ነው። በሳምንት ስንት ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በቀን የስንት ብር። ከዚያ ደግሞ ስለ ጨብሲው መጠየቅ አትርሺ። ምርቃናውን ለማውረድ ቢራ ወይ አረቄ የሚጠጣ ብዙ ነው። «አልኮል ይጠጣሉ?» ሲባል ግን «አይ፣ አልጠጣም፣ ለጨብሲ ብቻ ነው» ይላል። ለሱ ጨብሲ መጠጥ አይደለም፣ የጫቱ አካል ነው። ስሙን ጠርተሽ ካልጠየቅሽ አታገኚውም።

«ቁማር»ም እንደዚያው ነው። «ቁማር ይጫወታሉ?» ብትዪ የካርታ ተጫዋቹ ብቻ ነው የሚመልስልሽ። ቤቲንግ ቤት ውሎ የሚያድረው ልጅ «እኔ ቁማርተኛ አይደለሁም፣ ቲኬት ነው የምቆርጠው» ይላል፣ ከልቡ ነው። ቲኬት፣ ሎተሪ፣ ካርታ፣ በስልክ የሚደረግ ውርርድ፣ እያንዳንዱን በስሙ ዘርዝሪ።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፣ እሱን ያስተማረኝ አንድ ቄስ ናቸው። ኦዲት ውስጥ ሰባተኛው ጥያቄ ከጠጡ በኋላ ስለ ጸጸት ይጠይቃል። ሐሳቡ ጸጸቱ ከቁጥጥር መውጣትን ያሳያል የሚል ነው። እኛ ጋ ግን በጾም ቀን አንድ ብርሌ የቀመሰ ሰው ይጸጸታል፣ ለንስሐ አባቱ ይናገራል። ነጥቡ ይጨምርበታል፣ ሱሰኛ ግን አይደለም። ስለዚህ ከትርጉሙ በኋላ ቢያንስ ዐሥር ያህል ሰው አስቀምጪና ጥያቄውን አንብቢላቸው። መልሱን ሳይሆን «ምን የጠየቅኩዎት መሰለዎት?» በዪ። በዚህ አንድ ጥያቄ የሚገኘው ነገር መጠይቁን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በማስተርጎም አይገኝም።

አሁን ወደ በሩ እንሂድ። ብዙ ቁጥር የሚበላሸው በር ላይ ነው።

ማን ነው የሚጠይቀው? የቀበሌ ሰው ወይም የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ከሆነች፣ ሰዉ ያውቃታል። እሷም ታውቀዋለች። ነገ ቡና ላይ ይገናኛሉ። አንድ ጊዜ በተሳተፍኩበት ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎቹ በሙሉ ከዚያው ሰፈር ነበሩ። ትራንስፖርት ይቆጥባል ተብሎ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎርሞቹን ስናይ የሚጠጣ ሴት አንድም የለችም። በዚያ ሰፈር ግን ጠላ የሚጠምቁትም፣ የሚቀምሱትም ሴቶች ናቸው። ሌሎች ልጆች ልከን ጥቂት ቤቶችን እንደገና ስንጠይቅ መልሱ ተለወጠ። ብሩም ጊዜውም ባከነ።

ማን ነው የሚሰማው? ሚስት ባለችበት ባል፣ አባት ባለበት ልጅ እውነቱን አይናገርም። «ለብቻችን እንነጋገር» ማለት ደግሞ በእኛ ቤት ቀላል አይደለም። ጎረቤት ይገባል፣ ቡና ይፈላል። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዷ ትጠይቅ፣ አንዷ ቤተሰቡን ስለ ሌላ ነገር ታጫውት። አቅም ካለሽ ጥያቄውን በድምፅ የሚያነብ ታብሌትና ማዳመጫ ተጠቀሚ። ሰውየው ይሰማል፣ ስክሪኑን ይነካል፣ አንቺም አታዪም፣ ጎረቤትም አይሰማም። ማንበብ የማይችልም ይመልሳል። በሌላው ዓለም ይህ ዘዴ አሳፋሪ ነገሮች ላይ ከፊት ለፊት ቃለ መጠይቅ ይልቅ ብዙ «አዎ» እንደሚያመጣ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ታብሌት ከሌለሽ የሳንቲም ዘዴ አለ። መሠረቱን የጣለው ስታንሊ ዋርነር የሚባል ተመራማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1965። ሰውየው ሳንቲም ደብቆ ይጥላል። ዘውድ ከሆነ ምንም ይሁን ምን «አዎ» ይላል። ጎፈር ከሆነ እውነቱን ይናገራል። «አዎ» ሲልሽ ሳንቲሙ ይሁን እሱ አታውቂም፣ ስለዚህ አይፈራም። 1,000 ሰው ጠይቀሽ 600 «አዎ» ካሉ፣ 500 ያህሉ የሳንቲሙ ናቸው። የቀረው 100 እውነቱን ከተናገሩት 500 ውስጥ ነው፣ ማለት 20 በመቶ። ሂሳቡ ያምራል። ግን ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ፊት ሳንቲም መጣል ቁማር ይመስላቸዋል፣ ይከፋቸዋል። ለወጣቶች ብቻ ብትጠቀሚው ይሻላል።

ማንስ ነው ያልተገኘው? ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በር ስታንኳኪ የምታገኚው እናቶችንና ሽማግሌዎችን ነው። የምትፈልጊው ሰው ባጃጅ ላይ ነው፣ ወይ ቤቲንግ ቤት ነው። የተገኘውን ጠይቀሽ ከሄድሽ ሥራው ተበላሽቷል። ከቤተሰቡ ውስጥ አንድ ሰው በዕጣ ይመረጥ። ሌስሊ ኪሽ የሚባል የናሙና ባለሙያ ለዚህ የሚሆን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1949 አውጥቷል፣ አሁን ስልክሽ በአንድ ሰከንድ ይመርጥልሻል። ዕጣው የወጣለት ሰው ከሌለ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተመላለሺ፣ አንዱ ማታ ይሁን፣ አንዱ እሑድ። «ወንድሙ አለ፣ እሱ ይመልስ» የሚለውን አትቀበዪ።

የቤቶቹ ዝርዝርም አለ። አገር አቀፍ ጥናቶች ናሙናቸውን ብዙ ጊዜ የሚያወጡት ለሕዝብ ቆጠራ ከተሠራ ዝርዝር ነው። የመጨረሻው ቆጠራ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ በከተማችን ዳር፣ በዘንዘልማ በኩል እርሻ የነበረው መሬት ዛሬ ቤት ነው። ስለዚህ የተመረጠውን ቦታ ቤቶች ከመጠየቅ በፊት እንደ አዲስ መቁጠር ግዴታ ነው። በዕጣው ጣና ሐይቅ ውስጥ ያለው ደቅ ደሴት ከወጣልሽም ጀልባ ተሳፍረሽ መሄድ ነው፣ «ሩቅ ነው» ብሎ በቅርቡ ቀበሌ መተካት አይቻልም።

የቤት ለቤት ጥናት ጭራሽ የማያገኛቸውም አሉ። በጎዳና የሚያድሩ፣ እስር ቤት ያሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ የሚኖሩ፣ ለወራት ጠበል የገቡ። ከአረቄ ልላቀቅ ብሎ ጠበል የገባ ሰው ከማንም በላይ ይህ ጥናት ይመለከተው ነበር። ቤቱ ስትሄጂ ግን «የለም» ነው የምትባይው።

እነዚህን ለመቁጠር ዓሣ አጥማጆች የሚገባቸው ዘዴ አለ። ከሐይቅ 100 ዓሣ ያዝሽ እንበል። ምልክት አድርገሽ ለቀቅሻቸው። በሌላ ቀን 80 ያዝሽ፣ ከነሱ 8ቱ ምልክት አላቸው። ከተያዙት ዐሥር አንዱ ምልክት ካለው፣ ምልክት ያደረግሽባቸው 100ዎቹም ከጠቅላላው ዐሥር አንድ ናቸው፣ ስለዚህ ሐይቁ ውስጥ 1,000 ያህል አለ። ለሰው ሲሆን መረቡ የስም ዝርዝር ይሆናል። አንዱ የጤና ተቋም፣ ሌላው የእርዳታ ድርጅት፤ በሁለቱም ላይ ስንት ሰው ተደጋግሟል? ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ቆሮሶ የሚገባበት መረብ አምባዛን ላይዝ ይችላል። ጤና ጣቢያ የመጣ ሰው ራሱ ወደ እርዳታ ድርጅቱ ተልኮ ከሆነ ደግሞ ድግግሞሹ ሰው ሠራሽ ነው፣ ቁጥሩም ከእውነቱ ያንሳል።

አሁን ለመመረቂያሽ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። ከባድ ሱስ በቁጥር ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነገር ደግሞ ለመለካት ይከብዳል።

ከመቶ 1 ሰው ከባድ የቁማር ችግር አለበት እንበል። 2,000 ሰው ብትጠይቂ እነሱ 20 ብቻ ናቸው። በዚህ ላይ ተመሥርተሽ «በወንድና በሴት፣ በተማረና ባልተማረ» ብለሽ ብትከፋፍዪ በየክፍሉ እጅሽ ላይ የሚቀረው አምስት ያህል ሰው ነው። የባሰው ደግሞ መጠይቁ ራሱ የሚሳሳተው ነው። ችግር ያለበትን ከመቶ 90 የሚይዝ፣ የሌለበትን ከመቶ 95 በትክክል የሚያሳልፍ መጠይቅ አለሽ እንበል። ከ20ዎቹ 18ቱን ይይዛል። ከቀሪዎቹ 1,980 ግን 99ኙን በስሕተት ይይዛል። በድምሩ 117፣ ማለት ወደ 6 በመቶ። እውነቱ 1 በመቶ ነው፣ ወረቀትሽ ላይ ስድስት እጥፍ ሆነ። ማንም አልዋሸም፣ መጠይቁም መጥፎ አይደለም። ስለዚህ ከመጠይቅ የተገኘን ቁጥር «ይህን ያህል ሱሰኛ አለ» ብለሽ አትጻፊ። «ይህን ያህሉ ከመለያ ነጥቡ በላይ አገኘ» በዪ። ከቻልሽ ደግሞ ከመስመሩ በላይ ከሆኑትም በታች ከሆኑትም ጥቂቶቹን የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያያቸው አድርጊ።

የብሪታንያ ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እዚያ ለዓመታት የቁማር ችግር የሚለካው ቤት ለቤት በሚሄድ የጤና ጥናት ነበር፣ ውጤቱም ከ1 በመቶ በታች ነው የሚወጣው። ከዚያ የቁማር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ልኮ ሰዎች በኢንተርኔት እንዲመልሱ የሚጋብዝ አዲስ ጥናት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ውጤት 2.5 በመቶ ነበር። መጠይቁ ያው ባለ 9 ጥያቄው ነው። በአንድ በኩል ሰው ለብቻው ስክሪን ፊት ሲሆን ያፍራል ማለት አይቻልም፣ ይናገራል። በሌላ በኩል ግን ስለ ቁማር የሚያወራ ደብዳቤ ሲደርስ ቶሎ የሚመልሰው ቁማር የሚጫወተው ነው፣ የማይጫወተው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ይጥለዋል። ክርክሩ አላበቃም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው፤ በር ላይ «የሱስ ጥናት ነው» አትበዪ። «የጤናና የአኗኗር ጥናት ነው» በዪ፣ እውነትም ነው። ስለ መጠጥ፣ ስለ ጫትና ስለ ውርርድ ጥያቄ እንዳለበት ደግሞ ፈቃድ ስትጠይቂ በግልጽ ንገሪ። በቴሌግራም ሊንክ ለቅቀሽ «ማን ይሞላልኛል» ብለሽ ግን አገርን ለመለካት አትሞክሪ። የሚሞላው ነገሩ የነካው ሰው ነው፣ ስልኩም ያለው ነው።

ወቅቱንም አስቢበት። «ባለፉት 30 ቀናት» ብለሽ በዐቢይ ጾም መጨረሻ ብትጠይቂ አንድ መልስ ታገኛለሽ፣ ከፋሲካ በኋላ ብትጠይቂ ሌላ። በጥር ሠርጉ አለ። በረመዳን የሙስሊሙ የመቃሚያ ሰዓት ወደ ሌሊት ይዞራል። አገር አቀፍ ጥናት በአንድ ወቅት ሰሜኑን፣ በሌላው ደቡቡን ከጠየቀ የምታዪው ልዩነት የቦታ ላይሆን ይችላል። ለአንቺ ቀላሉ ሁለቱንም መጠየቅ ነው፣ 30 ቀኑንም፣ ዓመቱንም። ለዓመቱ «ከመስከረም ወዲህ» በዪ፣ የወሩን ብዛት አስተካክለሽ። ሰው በ12 ወር አያስብም።

ለመመረቂያሽ ምክሬ ይህ ነው። አገሩን ተይው። ሁለት ቀበሌ ያዢ፣ አንድ ነገር ምረጪ፣ እኔ ብሆን አረቄን ነው የምመርጠው። ከዕቃዎቹ ጀምሪ።

የመጨረሻው ለነርስነትሽ ነው። ኦዲት ላይ 20 እና ከዚያ በላይ የሚያመጣ ሰው ታገኛለሽ። ምናልባት አንድ ቀን ማታ፣ የመጨረሻው ቤት ላይ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ «ታዲያ ምን ላድርግ?» ይልሻል። «ከዛሬ ጀምረህ ተው» አትበዪው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም የሚጥል ሕመም ሊነሳበት፣ ሊቃዥ፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል፣ በሕክምና ክትትል ነው የሚቆመው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የሚቀበለውን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አነጋግሪ። የሪፈር ወረቀቱንም ከመጠይቁ ጋር አብረሽ አሳትሚ። ረቂቁን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ የጣሳውን ካርድ አብረን እናየዋለን።